አረቄ ስመርጥ የምጠይቀው

ሰሊጥ ስገዛ ዓይኔን አላምንም። በገዳሪፍ የእህል ገበያ የዋለ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ከጆንያው አፍ ላይ ነጭና ንጹሕ ሆኖ የሚታየው ሰሊጥ ከሥሩ አፈር ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የናሙናውን ብረት ከጎን እሰካለሁ፣ የወጣውን በመዳፌ አሻለሁ፣ አሸታለሁ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ በጥርሴ እሰብራለሁ። ስለ ቀንጣሩ ዋጋ አፌን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ወደ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ሳልፈትሽ የገዛሁት ጆንያ አላስታውስም።

መጠጥ ግን አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ገዛሁ። የተከፈለበትን ዋጋ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ስለ መጠጥ መጻፍ በመካከላችን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከድልድዩ ወዲያ ሕግም ሃይማኖትም ይከለክለዋል፤ ከድልድዩ ወዲህም ቢሆን ስንት ቤት እንዳፈረሰ ሁላችንም አይተናል። የማትጠጡ እንደዚያው ሁኑ። ይህን የምጽፈው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለእንቁጣጣሽ አንድ ጠርሙስ መግዛታቸው ለማይቀር ሰዎች ነው። የአረቄ አውጪ ልጅ መሆኔን ስለምታውቁ "የትኛው ይሻላል?" ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሴ ይኸው።

የእናቴ ማሰሮ

እናቴ አይከል ላይ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የወረደ ሁሉ አይከልን ያልፋታል። ቤታችን ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር፤ ደንበኞቿ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርዱ ሠራተኞች ነበሩ።

ሥራው ከጥንስስ እስከ ጠብታ ብዙ ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል። ጥቂት ቀን ሰንብቶ መሽተት ሲጀምር የዳጉሳ ቂጣ ተጋግሮ እየተቆራረሰ ይገባበታል፤ ብቅልም ይጨመርበታል። እንደየአገሩ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ገብስ የሚያደርጉ አሉ፤ ጎጃም ውስጥ በግብጦ የሚያወጡም አሉ። ድፍድፉ ፈልቶ ፈልቶ ዝም ሲል ተራው የእሳቱ ይሆናል። ማሰሮው ይጣዳል፣ አፉ ይመረጋል፣ ከማሰሮው የወጣው የሸምበቆ ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይገባል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል።

የእኔ ሥራ ውሃውን መቀየር ነበር። "ሞቀ!" ስትለኝ እሮጣለሁ። የታላቅ እህቴ ሥራ እሳት መጠበቅ ነበር፤ ከባዱም እሱ ነው። እሳት ከበዛ ድፍድፉ ከሥሩ ያርራል፤ ካረረ ድፍድፍ የወጣ አረቄ ደግሞ ጭሱ ከአፍ አይለቅም። ደንበኛ ደጅ ላይ ቆሞ "ቶሎ በይ እንጂ" ቢላት እንኳ እናቴ አንዲት እንጨት አትጨምርም ነበር።

የሚወርደውንም ከሦስት ትከፍለው ነበር። መጀመሪያ የሚመጣውን፣ አፍንጫ የሚወጋውን፣ አንድ ሲኒ ያህል ለብቻው ታስቀምጣለች፤ እሱ ለመታሻ እንጂ ለመጠጥ አይሰጥም። መካከሉን ትሸጣለች። በስተመጨረሻ ጣዕሙ እየቀጠነና እየኮመጠጠ ሲመጣ ዕቃውን ታነሳለች። ያንን መጨረሻውን ቀላቅሎ ብዛቱን ማሳደግ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እሷ ግን እምቢ አለች። አተላው ለከብት ይሄዳል። ለበዓልና ለክብር እንግዳ ደግሞ የወጣውን አረቄ መልሳ ትጥደዋለች፤ ዳግም የሚባለው እሱ ነው። የተራው አረቄ ኃይል እንደ አውጪው ይለያያል። ጥሩ ዳግም ግን ከፋብሪካ ውስኪ አያንስም፤ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ያልፋል።

ደብተሬም ዩኒፎርሜም የተገዛው በዚያ ጠብታ ነው። እኔ ግን አላመሰገንኩም። ተማሪ ቤት "የአረቄ ሻጭ ልጅ" ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሳድግና ኪሴ ገንዘብ ሲይዝ እንግዳ ፊት የማቀርበው ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ ብቻ ሆነ።

ከድልድዩ ማዶ

ገዳሪፍ የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። ከገላባት በዶካ አድርጎ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ስሙ ነበር። ሱዳኖች ከቴምር የሚያወጡትን "አረጊ" ይሉታል፤ ከማሽላ የሚጠምቁትን ደግሞ "መሪሳ"። ቃሉ ላብ ከሚለው የዐረብኛ "ዐረቅ" የመጣ ነው፤ ማሰሮው እያላበው የሚያንጠባጥበው እንደ ማለት። ድንበሩ ወዲህና ወዲያ ስሙ አንድ ነው።

ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ የድሮውን ያስታውሱ ነበር። በእሳቸው ጉብዝና ዘመን ካርቱም ውስጥ የሚጠመቅ ግመል የሚባል ቢራ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ የካርቱም ውስኪና ቢራ ናይል ውስጥ ተደፋ። በኋላ የወጣው የ1991ዱ የወንጀል ሕግ ጠጪን በ40 ግርፋት፣ ሻጭን በእስር የሚቀጣ ነበር። በሱዳን አረጊ እያወጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ብዙዎቹ በጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሴቶች፣ ኦምዱርማን እስር ቤት ሲመላለሱ ኖረዋል። ይህን ስሰማ እናቴ ትታየኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የሽግግር መንግሥቱ ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች በግላቸው እንዲጠጡ ሕጉን አሻሻለ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ስለ ክልከላው ፍርድ ልሰጥ አይደለም፤ አገሩ የእነሱ ነው፣ እንጀራችንንም የበላንበት አገር ነው። እንደ ነጋዴ የታዘብኩትን አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ተደብቆ የሚሸጥ ዕቃ ናሙና አይወጣለትም። በጨለማ ይመጣል፣ በጨለማ ይከፈላል። ከፍተህ ልሽተት አትልም። ከየት መጣ ብለህ ብትጠይቅ ሻጩ ይሸሽሃል። ቢበላሽ የምትመልስበት ደጅ፣ የምትከስበት ቦታ የለም።

ያ ጠርሙስ

በ2004 ዓ.ም. ባልንጀራዬ የመጀመሪያ ልጁን ወንድ ወለደ። ገዳሪፍን የጀመርናት አብረን ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ምንጣፍ ላይ እየተኛን፣ ከአንድ ድስት እየበላን። ለልጁ ክርስትና ድግስ ተባለ። እናቴ የሰማች ዕለት ዳግም አውጥታ በሾፌር እጅ እስከ መተማ ዮሐንስ ላከችልኝ። እኔም እዚያው መተማ ተውኩት። በድልድዩ ማሳለፉን ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ገዳሪፍ ላይ ሌላ ባልገዛሁ ነበር። እውነቱ፣ አፍሬ ነው።

የገዛሁት የውጭ ውስኪ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ለሌላ የማላውቀው ሰው ሰጥቶት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እጄ ገባ። ክዳኑን እንኳ በደንብ አላየሁትም። ውድ ነበር፤ ውድ ስለሆነም አመንኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ይኼን ነው።

እኔ በዚያ ሳምንት ወባ ይዞኝ መድኃኒት ላይ ስለነበርኩ አልቀመስኩም። ሦስት ሰዎች ጠጡ። ደስታው የእሱ ነውና አባትየው በረከትበት።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱም ሆዳቸውን አመማቸው፣ አስታወካቸው። የስካር ማግሥት መሰለን። ሐኪም ቤት እንሂድ ስል "ምን ጠጣችሁ ሲሉን ምን እንመልሳለን?" ተባለ። ግርፋቱና እስሩ ታየን፤ የመኖሪያ ፈቃዳችን ታየን። ቀኑ በክርክር አለቀ። ሲመሽ ባልንጀራዬ "ይሄን ጭስ ምን አመጣው?" አለ። ቤቱ ውስጥ ጭስ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ መብራቱን አብሩልኝ አለ። መብራቱ በርቶ ነበር።

ተሸክመነው ሄድን። ያየን ሐኪም ወጣት ሱዳናዊ ነው። ፖሊስ አልጠራም። የጠየቀን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደጠጡና ስንት ሰዓት እንደሆነው። ሁለቱ ዳኑ። ባልንጀራዬ በሕይወት ተረፈ፤ ዓይኖቹ ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፉም። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ብትመጡ ኖሮ አለና ዝም አለ።

ያ ነገር ሜታኖል ይባላል። ለፋብሪካ ሥራ፣ ለቀለም ማቅጠኛና ለመሳሰለው የሚውል የአልኮል ዓይነት ነው። መልኩም ሽታውም ከሚጠጣው አልኮል ብዙም ስለማይለይ ዋጋ ለመቆጠብ የሚቀላቅሉት አሉ። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲፈጭ ወደ አሲድነት ይለወጥና የዓይንን ነርቭ ያቃጥላል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚታየው ከጠጡ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ነው። ከጽሑፌ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፤ ጠጥቶ ባደረ ሰው ላይ የዓይን መደብዘዝ፣ የሆድ ሕመምና ከባድ ትንፋሽ ከታየ እንቅልፍ ይሻለዋል አትበሉ። መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው። ሕጉን ፈርታችሁ አንድ ቀን አታባክኑ። እኛ አባክነናል።

ከአሜሪካ የመጣው

ለዓመታት ጠርሙስ አልገዛሁም። በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ስንሰበሰብ ከቨርጂኒያ የመጣ የአክስቴ ልጅ በርበን የሚባል የአሜሪካ ውስኪ ይዞ መጣ። ሲቀዳልኝ "ማን አወጣው?" አልኩት። ሳቀ፤ ታሪኩን ሲሰማ ግን ሳቁን ተወና ጠርሙሱን አዙሮ ጽሑፉን ቃል በቃል ይተረጉምልኝ ጀመር።

በርበን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው፤ ቡናማው መልክና የቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚመስለው ጣዕም የሚመጣው ከዚያ እንጨት ነው። ቀለምም ማጣፈጫም መጨመር ክልክል ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ከ40 በመቶ አልኮል አያንስም። "ስትሬት" የሚል ካለበት ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል፤ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ዕድሜውን መጻፍ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ምክር ቤት በርበን የአገሪቱ የራሷ ምርት እንዲሆን ወሰነ፤ ሌላ አገር የተሠራ ውስኪ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም መሸጥ አይችልም።

ይበልጥ የነካኝ ግን የ1897ቱ ሕግ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሻጮች ጥሬ አልኮል ላይ ቀለምና እንግዳ ነገር እየጨመሩ ውስኪ ነው ብለው ይሸጡ ነበር። ሕጉ "ቦትልድ ኢን ቦንድ" የሚል ደረጃ አወጣ፤ የአንድ ማውጫ ቤት፣ የአንድ ወቅት ሥራ፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ቢያንስ አራት ዓመት የቆየ፣ ልክ 50 በመቶ። ማን እንዳወጣው ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። እኔ በገዳሪፍ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እነሱም ወድቀው ነበር ማለት ነው። ጽሑፍ ዋጋ የሚኖረው ከጀርባው የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው፤ አይከል ላይ ያ ሰው እናቴ ነበረች፤ አረቄዋ ቢከፋ ደንበኛ በሯን ያውቀዋል።

እናቴም ቀመሰች። ትንሽ በምላሷ አዙራ "ጣውላ ጣውላ ይላል" አለች። ስለ በርሜሉ ማንም አልነገራትም ነበር። የእሷን ዳግም ከጎኑ አስቀመጥን። የአክስቴ ልጅ አፍንጫችንን ጠርሙሱ ውስጥ ሳንደፍቅ፣ አፋችንን ገርበብ አድርገን፣ ከራቅ ብሎ ማሽተት አስተማረን። በርበኑ ከበቆሎውና ከእንጨቱ ጣፋጭነት ነበረው። ዳግሙ ጥርት ያለ ነው፤ መጀመሪያ እህሉ ይመጣል፣ ቀጥሎ የጌሾ ምሬት ጥላ፣ ከዚያ ሙቀቱ። የተሻለውን እንድመርጥ አትጠይቁኝ። ሁለቱም የማን እጅ እንደሆኑ የሚታወቁ ነበሩ።

አሁን እንዴት እመርጣለሁ

አረቄ ስገዛ ከመቅመሴ በፊት እጠይቃለሁ። ማን አወጣው? መቼ ወጣ? ከምን እህል? ተራ ነው ዳግም? ምን ውስጥ ተቀመጠ? ሻጯ አውጪዋ ራሷ ከሆነች መልሱ ሳታስብ ይመጣል፤ እንዲያውም እሳቱ እንዴት እንዳስቸገራት ትነግርሃለች። መልሱ "ከሰው ነው ያመጣሁት" ከሆነ አመስግኜ እወጣለሁ። ሁልጊዜ ከአንዲት አውጪ መግዛት ከሁሉም ይሻላል። የላስቲክ ጀሪካን ውስጥ የሰነበተ አረቄ የጀሪካኑን ሽታ ስለሚይዝ የጠርሙሱን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ፈተናው ነው። ጠርሙሱን አንዴ ነቅነቅ አድርጌ አረፋውን አያለሁ፤ ደህና ትልቅና ቆየት የሚል ከሆነ ኃይል አለው፣ ቶሎ ከጠፋ ቀጥኗል። ጥቂት መዳፌ ላይ አፍስሼ አሻለሁ፤ አልኮሉ ሲተን የሚቀረው ሽታ የእህል ከሆነ ጥሩ፣ የጭስ ከሆነ አርሯል፣ የኮመጠጠ ከሆነ መጨረሻው ተቀላቅሎበታል። ትንሽ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጥሩው ዳግም ጥርት እንዳለ ይቆያል። እንደ ኡዞ አኒስ ያለበት መጠጥ ውሃ ሲነካው ወተት ይመስላል፤ እሱ ከዘይቱ ነውና ጥፋት አይደለም። አኒስ የሌለበት አረቄ ከደፈረሰ ግን እጠረጥራለሁ።

ክብሪት ለኩሶ ሰማያዊ ነበልባል ማየት የተለመደ ፈተና ነው። ነበልባሉ የሚነግርህ ኃይሉን ብቻ ነው። ሜታኖልም ይነዳል። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ አሠራሩን ይነግርሃል እንጂ መርዝ አይለይም። መርዙን የሚለይልህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ማን አወጣው?

የውጭ ጠርሙስ ከሆነ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ወይም ራሱ ገዝቶ ካመጣ ዘመድ ብቻ እቀበላለሁ። የክዳኑ ማሸጊያ ከተነካ፣ ጽሑፉ ተጣሞ ከተለጠፈ፣ ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደ እተወዋለሁ። በርበን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ከ40 እስከ 45 በመቶ ያለው ይለሰልሳል፤ ለመቀላቀል ግን 50 በመቶው ይሻላል፣ በረዶና ስኳር አያጠፉትምና። ዕድሜው ትልቅ የሆነ ሁሉ የተሻለ አይምሰላችሁ፤ ብዙ የቆየ እንጨቱ ሊያሸንፈው ይችላል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት አለ፤ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌላም በተፈናቀለ ሕዝብ ተጨናንቃለች። በእኛም በኩል መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቃ የማይታወቅ እጅ ይበዛበታል። እኔ በድልድዩ መጠጥ አላሳልፍም፣ ማዶም አልጠጣም። የምጠጣው ወዲህ ስሻገር ነው።

አጠጣጡ

አረቄ ብቻውን ሲጠጣ ዕቃው መለኪያ ነው። ስሙን አስቡት፤ አያቶቻችን ትንሿን ብርጭቆ ዝም ብለው መለኪያ አላሏትም። ጭልጥ ማድረግ የሚያምረው መጥፎ አረቄ ላይ ነው፣ ጣዕሙ እንዳይታወቅ። ጥሩውን በሦስት አራት ጉንጭ ጠጡት፤ የገብስ ወይም የሽምብራ ቆሎ ከጎኑ፣ ውሃ ከፊቱ። በባዶ ሆድ አይሆንም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር የሚሞቀው አረቄ መተማ ሙቀት ውስጥ ሌላ ጠባይ አለው፤ ሰውነት ውሃ በተጠማበት ሰዓት ቶሎ ይጥላል። ስለዚህ ቆላ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ አልነካውም። ዳግሙ ከከበዳችሁ የማንኪያ ጫፍ ውሃ ጨምሩበት፤ ያቀለዋል፣ ሽታውንም ይከፍተዋል።

ከቡና ጋር የሚያምር ነገር አለ። ለሦስተኛው ሲኒ፣ በረካው ላይ፣ ግማሽ መለኪያ ተራ አረቄ። ስኳር አይጨመርም።

ለእንግዳ የማቀርበው ግን የሁለቱን አገር ነው። ሱዳናዊ ከርከዴ በቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ካልፈላ ምሬቱ አይወጣም። ጠዋት ይጠለላል። አንድ ማንኪያ ማር በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ይሟሟና ከግማሽ ሎሚ ጋር ይገባበታል። ለአንድ ብርጭቆ ከርከዴ አንድ መለኪያ ዳግም፣ በረዶ ካለ በረዶ። ቀይ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ከሙቀት ቀን በኋላ ያርሳል። አረቄውን ትታችሁ ለልጆችና ለማይጠጣ እንግዳ ብታቀርቡት ምንም አይጎድለውም፤ የሱዳን ጓደኞቼ መተማ ሲመጡ የሚጠጡት እንደዚያ ነው።

በበርበንም የአክስቴ ልጅ ያሳየን ይኼንኑ ይመስላል። አሜሪካኖች ኦልድ ፋሽንድ የሚሉት መጠጥ አለ፤ ስኳር፣ ጥቂት ጠብታ መራራ ቅመም፣ በርበን፣ በረዶ፣ የብርቱካን ልጣጭ። እኛ በስኳሩ ፈንታ ማር አደረግንበት፤ መራራውን ቅመም ስላላገኘን የዝንጅብል ጭማቂ ጠብ አደረግን። ልጣጩን ብርጭቆው ላይ ጠምዘዝ ስታደርጉት ዘይቱ ይረጫል፤ መጀመሪያ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ዳግምም በዚህ መንገድ ይሆናል፤ የጌሾው ምሬት በራሱ አለውና መራራ ቅመም አይፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮሶ አረቄ፣ አብሽ አረቄ፣ ነጭ ሽንኩርት አረቄ እያሉ ለሆድና ለደም ግፊት መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ። ለጣዕሙ ከወደዳችሁት ጥሩ። ለመድኃኒት ግን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ባልንጀራዬ

እሱ አሁን መተማ ዮሐንስ ትንሽ ሱቅ አለው። ሚዛኑን የሚያነብለት ያ ክርስትናው የተበላ ልጅ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን "አንተ ነህ" ብሎኝ አያውቅም። መጠጥም ቀምሶ አያውቅም። ስንገናኝ ስለ ሰሊጥ እናወራለን።

ባለፈው ዓመት ልጁ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈ። አባትየው ደወለልኝና "የእናትህን ዳግም አምጣ፤ ያን ጊዜ የተውከውን" አለኝ። መተማ መተዬን ያውቅ ኖሯል። እናቴ አርጅታለች፤ አሁን ማሰሮው ጋ የምትቆመው እህቴ ናት። ይዤ ወረድኩ።

ማታ ደጁ ላይ ተቀመጥን፤ ልጁ ቆሎ አቀረበ። ስቀዳለት መለኪያውን አላነሳም።

"ማን አወጣው?" አለኝ።

"እህቴ።"

"መቼ?"

"ከፍልሰታ ፆም በኋላ።"

"ከምን?"

"ከዳጉሳ። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።"

ጠብታ መዳፉ ላይ አድርጎ አሸት አሸት አደረገና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ በሦስት ጉንጭ ጨረሰው። ጠርሙሱን ሳነሳ ድምፁን ሰማና መለኪያውን በመዳፉ ከደነው።

"ይበቃል፤ ጥሩ ነው" አለኝ።